ብቻውን የጠፋ፣ ታስሮ የነደደ፦ በደሴ የአንድ ሕንጻ የገመድ ቃጠሎ

ሐጂ ስልክ የደወሉልኝ ቃጠሎው በደረሰ በሁለተኛው ቀን ነው። «ኮንታክት ነው ብለው ጽፈው ሄዱ። እሺ፣ ኮንታክት ይሁን። ግን ምድር ቤት የተነሣውን እሳት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ምን አወጣው? መጥተህ እይልኝ» አሉኝ። ከልጅነቴ ስለሚያውቁኝ አንተ ነው የሚሉኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙያ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ከቃጠሎ በኋላ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ የጠየቀኝ የሕንጻ ባለቤት ግን እርሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ሌላው ሰው የሚጠይቀው ማን ይካሰኝ ብሎ ነው። ከዚህ በታች ያለው የሐጂን ጥያቄ ተከትዬ ያየሁት፣ የለካሁትና የሞከርኩት ነው። ሕንጻውን በስም አልጠራም፤ ገመዱን የሸጠውንም የዘረጋውንም እንዲሁ።

ሕንጻው ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ምድር ላይ እንጀራ ጋግሮ የሚያከፋፍል ቤትና የሞባይል መሸጫ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ቢሮዎች፣ ሁለተኛው ላይ የልብስ ስፌት ቤት፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ ልጆች ከሰዓት በኋላ የሚማሩበት የማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል አለ። ከቆጣሪዎቹ ክፍል ተነሥቶ እስከ ላይኛው ፎቅ ቀጥ ብሎ የሚወጣ፣ ወርዱ አንድ ክንድ የማይሞላ የገመድ መተላለፊያ አለው። ባለሙያው ዳክት ይለዋል። ሕንጻው ሲሠራ የታሰበው ጥቂት ኬብል እንዲያልፍበት ነበር። ተከራይ በተለወጠ ቁጥር አዲስ እየተጨመረ፣ አሮጌው ሳይነሣ፣ እኔ ስቆጥር 31 ደርሷል። ሁሉም በአንድ ላይ በሽቦ ተጠፍረው እንደ ማገዶ ሸክም ታስረዋል። ዳክቱ በየፎቁ ወለል የሚያልፍበት ቀዳዳም አንድ ቦታ እንኳ አልተደፈነም።

ቃጠሎው የደረሰው በጥር ወር ነው። ጋጋሪዎቹ ሥራ የጀመሩት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን፣ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ መብራቱ ይዋልል ጀመር። ከጋጋሪዎቹ አንዷ ከቆጣሪው ክፍል የሚሰነፍጥ ሽታ ሰምታ በሩን ስትከፍት ነበልባሉ ወደ ዳክቱ ገብቶ ነበር። በሩን መልሳ ዘግታ ዋናውን ማጥፊያ ያወረደችው እርሷ ናት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ ጭሱ በሦስተኛው ፎቅ መስኮት ይወጣ ነበር። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። በዚያ ሰዓት ላይ ከምድር ቤት በላይ ማንም ስላልነበረ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ቢሆን ኖሮ ልጆቹ የሚወርዱበት ደረጃ ከዳክቱ ጎን ለጎን ነው፤ ይህን ሳስበው አሁንም ያንገሸግሸኛል።

መነሻውን ማግኘት አላስቸገረም። ሁለቱ የእንጀራ ምጣዶች እያንዳንዳቸው ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባሉ፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ነበሩ፤ 32 አምፔር ሆነ። መስመሩ «ባለ 2.5» ተብሎ የተገዛ ግራጫ ሽቦ ነው። ቀድሞ የነበረው ባለ 20 አምፔር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ መስመሩን በራሱ የሚያቋርጥ ማጥፊያ) በየጊዜው እየወረደ ሥራ ስላስፈታ በባለ 40 ተቀይሯል። ቀያሪው ልጅ አልደበቀኝም፤ «ጋሼ፣ ሲያስቸግራቸው ከፍ አደረግኩላቸው» አለኝ። ብሬከር የሚወርደው ሽቦውን ለማዳን መሆኑን ማንም አስቀምጦ አላስተማረውም። ግራጫው ሽቦ ከዋናው ጋር የተገናኘው ደግሞ በፒንሳ ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሎ ነበር። ከመገናኛው የቀረው እንደ ሰም የቀለጠ የብረት እንባ ብቻ ነው።

የተረፈውን ግራጫ ጥቅል ከመጋዘን አወጣሁና ጫፉን በቢላዋ ፋቅኩት። ላዩ መዳብ፣ ውስጡ ነጭ። ከጎን ባለ ወርቅ ቤት አንድ ሜትር ሽቦ ሽፋኑን ልጬ አስመዘንኩት። 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነ መዳብ በሜትር 22 ግራም ይመዝናል፤ ይህ 7 ግራም አልሞላም። ወርቅ ሠሪው ሚዛኑን አይቶ ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ላዩን የተለበጠ ነገር ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። ሽቦው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ውፍረቱም 1.78 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው 1.6 ብቻ። ኮምቦልቻ ወስጄ በ10 ሜትሩ ላይ 5 አምፔር አሳልፌ የቮልቴጁን መውደቅ ስለካ 0.68 ቮልት ሆነ። ደረጃውን የጠበቀ የመዳብ ሽቦ ቢሆን ከ0.37 አይበልጥም ነበር። ሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የአምፔሩ ካሬ በመቋቋሙ ሲባዛ ነውና፣ ያ መስመር በእያንዳንዱ ሜትር 14 ዋት ገደማ ያመነጭ ነበር። ትክክለኛው ሽቦ በ20 አምፔር ከሚያመነጨው አምስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ወንጀለኛ ሽቦ ተገኘ፣ ጥፋተኛ ብሬከር ተገኘ። ግን የሐጂ ጥያቄ አልተመለሰም። ግራጫው ሽቦ የነበረው ምድር ቤት ብቻ ነው፤ ዳክቱ ውስጥ አንድም ግራጫ የለም። በዳክቱ ውስጥ ከነበሩት 31 ኬብሎች 23ቱ ነጭ የውጭ ልባስ ያላቸው፣ ባለ ሦስት ሽቦ፣ እውነተኛ መዳብ የያዙ ናቸው። ሐጂ ለእነርሱ ገንዘብ አልሰሰቱም። በላያቸው ላይ አይኢሲ 60332-1 የሚል የእሳት ፍተሻ ደረጃ ቁጥር ታትሟል፤ እሳት አያስተላልፍም ማለት ነው ተብለው ነው የገዙት። ሻጩ ከፊታቸው ላይተር ለኩሶ አሳይቷቸዋል። «ወላሂ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ላይተሩን ሲያነሣው ጠፋ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጠፍቷል።

ይህ የላይተር ነገር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ የሚታይ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ እንዲሁ አደርግ ነበር። ቁራጭ ገመድ በጣት መካከል አግድም ይያዛል፣ ላይተሩ ሦስት አራት ሰከንድ ያህል ጫፉ ላይ ይቆያል፣ ይነሣል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ ገመዱ ይሸጣል። ነበልባል ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አግድም በተያዘ ገመድ ላይ ሙቀቱ ወደ አየር ያመልጣል እንጂ ገና ያልነደደውን የገመድ ክፍል አያሞቀውም። ገመዱ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን ነበልባሉ የራሱን መንገድ አስቀድሞ እያሞቀ ይወጣል። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን፣ ባለሙያው አይኢሲ የሚለው፣ ፍተሻውን በቁም ያደረገው።

የ60332 የመጀመሪያ ክፍል የሚጠይቀው እንዲህ ነው። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው አንድ ገመድ በ55 ሴንቲሜትር ልዩነት በሁለት መያዣዎች መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነፋስ እንዳይነካው በሦስት ጎን በብረት ይከለላል። በ45 ዲግሪ ያዘነበለ የጋዝ ማቃጠያ 1 ኪሎዋት ነበልባል ከታች ያሳርፍበታል፤ የገመዱ ውፍረት ከ25 ሚሊሜትር ካልበለጠ ለ60 ሰከንድ። ሦስት ሰከንድ አይደለም፤ አንድ ሙሉ ደቂቃ ነው። ከዚያ ነበልባሉ ይነሣል። ገመዱ በራሱ ጠፍቶ፣ የከሰለው ክፍል ከላይኛው መያዣ ሥር ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ሳይደርስ ከቀረ፣ ወደ ታችም ከተወሰነው ልክ ካላለፈ፣ አለፈ ይባላል።

ከሥራ ባልደረባዬና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሆነን በወርክሾፓችን ይህን የሚመስል ነገር ለመሥራት ተነሣን። መከለያውን ከላሜራ ቆርጠን በየዳን፤ ቁመቱ 120፣ ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 45 ሴንቲሜትር፣ ከፊት ክፍት። የቤተ ሙከራ የምስክር ወረቀት የሚያሰጥ መሣሪያ እንዳልሆነ ለሐጂ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ለእኛ የሚያስፈልገው አንዱን ገመድ ከሌላው ጋር በአንድ ዓይነት እሳት ማወዳደር ነበር።

እሳቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ደግሞ ካሰብነው በላይ ፈተነን። የአይኢሲ ደረጃ ነበልባሉ የሚለካበት ብልኃት አለው፦ ዘጠኝ ሚሊሜትር ውፍረትና 10 ግራም ክብደት ያላት ትንሽ የመዳብ ቁራጭ በነበልባሉ ላይ ትያዛለች፤ ከ100 ወደ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ በ45 ሰከንድ ገደማ መድረስ አለባት። የእኛ የመጀመሪያው ሙከራ 58 ሰከንድ ወሰደ። ጋዙንና አየሩን የለካነው የደረጃው መጽሐፍ እንደሚለው ነበር፤ መጽሐፉ ግን የጻፈው በባሕር ወለል አካባቢ ላለ የአየር ግፊት ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ደግሞ የሀረጎን ዳገት ወጥታችሁ 25 ኪሎሜትር ያህል ተጉዛችሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ያልተስተካከለ ነበልባል ደካማ ነው፤ በደካማ ነበልባል ደግሞ መጥፎው ገመድም ሊያልፍ ይችላል። ጋዙን ጨምረን በሦስተኛው ሙከራ 46 ሰከንድ ላይ ደረስን። ያቺ የመዳብ ቁራጭ ጠቁራና ጠምማ አሁን በጠረጴዛዬ ላይ አለች፤ ለአዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ የማሳየው እርሷን ነው።

ግራጫው ላይ ብዙ ሐተታ አያስፈልግም። ነበልባሉ ሳይነሣ፣ በ50ኛው ሰከንድ ላይ፣ እሳቱ ላይኛው መያዣ ደረሰ። እየነደደ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ ከሥሩ ያነጠፍነውን የማጣሪያ ወረቀት አቀጣጠለው። ሽታው የጠፋ ሻማ ሽታ ነው። የመዳብ ሽቦ አግለን ሽፋኑን ነክተን መልሰን እሳት ውስጥ ስንከት፣ ፒቪሲ የሚባለው የተለመደው የገመድ ሽፋን ፕላስቲክ ቢሆን መታየት የነበረበት አረንጓዴ ነበልባል እምብዛም አልታየም። ያን ቀለም የሚሰጠው ክሎሪን ወይም የእርሱ ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር ያለበት ፕላስቲክ ነው። ሽፋኑ በአብዛኛው ፖሊኢትሊን፣ ማለትም ፌስታል የሚሠራበት ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ነበልባል የሚገታ ነገር ካልተጨመረበት ሻማ እንደሚነድ ይነድዳል።

ነጩ ግን አኮራን። ደቂቃው ሞልቶ ማቃጠያው ሲነሣ በስድስት ሰከንድ ጠፋ። የከሰለው ክፍል ከላይኛው መያዣ 27 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ቆመ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ ሦስቱም ጊዜ አለፈ። በላዩ የታተመው ጽሑፍ አልዋሸም። ባልደረባዬ ጓንቱን እያወለቀ «እንግዲህ ገመዱ ንጹሕ ነው» አለ። ከተማሪዎቹ አንዷ ግን የከሰለውን ቁራጭ እያገላበጠች፣ «መምህር፣ ደሴ ያለው እኮ አንድ አይደለም» አለችኝ። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ያ ነበር፤ ያገኘችውም እርሷ ናት።

በላሜራ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው፣ ከታችም ከላይም ክፍት የሆነ ዳክት ሠራን። የነጩን ኬብል 10 ቁራጭ ሐጂ ቤት እንደታሰረው አድርገን አሰርንና አቆምነው። እሳቱ ያው 1 ኪሎዋት ነው፤ ጊዜውን ግን አራት ደቂቃ አደረግነው፤ የቆጣሪው ክፍል የነደደው ለአንድ ደቂቃ ብቻ አይደለምና። እስከ ሦስተኛው ደቂቃ ድረስ ጥቁር ጭስ ከመውጣቱ በቀር የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። ምድጃ ሲያያዝ እንደሚሰማው ያለ፣ አየር የሚስብ ጉምጉምታ ሆነ። በአራተኛው ደቂቃ ማቃጠያውን አነሣነው፤ እሳቱ ግን አልተነሣም። በሰባተኛው ደቂቃ ነበልባሉ በላሜራው አፍ ወጣ። በዱቄት ማጥፊያ ካጠፋነው በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። አሥሩም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ፈተናውን የሚያልፉ ነበሩ።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ንጹሕ የፒቪሲ ሙጫ ከክብደቱ 57 በመቶው ክሎሪን ነው፤ ሲሞቅ የሚወጣው ጋዝ ነበልባሉን ያፍናል፤ ፒቪሲ ከእሳት ሲርቅ የሚጠፋው ለዚህ ነው። የገመድ ሽፋን ግን እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ዘይት ይጨመርበታል፤ ዋጋውም ረከስ እንዲል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይቀላቀልበታል። ዘይቱ ራሱ ይነድዳል። አንድ ገመድ ብቻውን ሲሆን ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠፋል። ታስሮ ሲቆም ሙቀቱን የሚሰጠው ለጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱም መልሶ ይሰጠዋል። በየመካከላቸው ያለው ቀጭን ክፍተት ጭስ ማውጫ ይሆናል፤ ከታች አየር እየሳበ የነደደውን ጋዝ ወደ ላይ ይነዳል። ገበሬው አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም የሚለው ነገር ነው፤ ለገመድም ይሠራል።

አይኢሲም ይህን ያውቃል። 60332 ሦስተኛ ክፍል አለው፤ እርሱ የታሰሩ ገመዶች የሚፈተሹበት ነው። 3.5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ገመዶች በመሰላል ላይ ታስረው፣ ቁመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ይቆማሉ፤ ከታች አየር ይነፍስባቸዋል። የሚታሰሩት በቁጥር ሳይሆን በሚነድደው ነገር መጠን ነው፦ በአንድ ሜትር ርዝመት 1.5 ሊትር ፕላስቲክ ከሆነ ምድብ ሲ፣ 3.5 ሊትር ከሆነ ምድብ ቢ፣ 7 ሊትር ከሆነ ምድብ ኤ። ሲ የሚነድደው ለ20 ደቂቃ ነው፤ ቢ እና ኤ ለ40። ከማቃጠያው በላይ ከ2.5 ሜትር በላይ መክሰል የለበትም። እንግዲህ የሐጂን ዳክት እንመዝነው። የነጩ ኬብል ውፍረት 10.5 ሚሊሜትር ነው። መዳቡ ሲቀነስ አንድ ሜትሩ ላይ 0.079 ሊትር ፕላስቲክ አለ። ሁሉንም እንደ ነጩ ብንቆጥራቸው 31ዱ 2.4 ሊትር ይሆናሉ። ምድብ ሲን ያለፈ ገመድ እንኳ ለዚያ ዳክት ዋስትና አልነበረም። የተገዛው ደግሞ ጭራሽ በሦስተኛው ክፍል ያልተፈተሸ ነው። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ያለችው «-1» እና ያልታተመችው «-3» ናቸው የአንድ ፎቅና የሦስት ፎቅ ልዩነት የሆኑት።

በተለይ ልነግራችሁ የምፈልገው የስፌት ቤቱን ነው። እሳቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከዳክቱ በር አልወጣም፤ ከጨርቁ አንድ ክር አልነደደም። የስፌት ቤቱ ባለቤት «አልሐምዱሊላህ፣ እኔን አልነካኝም» ብለው መስኮት ከፍተው፣ ጥላሸቱን አራግፈው ሥራ ጀመሩ። በአራተኛው ቀን ስሄድ የመርፌ ፓኮ አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። መርፌዎቹ ግን አንድም ሳይቀር ቡናማ ሆነው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። መቀሶቹ ላይም እንደ በርበሬ የተነሰነሰ ዝገት አለ። «መምህር፣ ይህ ምን ዓይነት ጭስ ነው?» አሉኝ። ከፒቪሲ የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል፤ የጥር ማለዳ ጤዛ ደግሞ ደሴ ላይ አይጠፋም። በምድር ያለው የሞባይል መሸጫም በዚያው ሳምንት የስልክ መሙያዎቹ ጫፍ አረንጓዴ እያወጣ አስቸግሮታል። ለመርፌ እንዲህ ያደረገ ነገር በሕፃን ሳንባ ምን እንደሚያደርግ ለሐጂ መናገር አላስፈለገኝም፤ ፓኮውን እርሳቸውም አይተውታል። የስፌት መኪናዎቹን በሶዳ ውኃ በረጠበ ጨርቅ ጠርገን፣ አድርቀን፣ ዘይት ቀብተን ብዙዎቹን አትርፈናል።

ወደ ጥገናው ስንመጣ ሐጂ ያሰቡት ሁሉንም ገመድ አንሥቶ በውድ መተካት ነበር። መጀመሪያ ያደረግነው ግን ምንም የማያስወጣ ሥራ ነው፦ እያንዳንዱን ኬብል ጫፍና ጫፉን ፈልገን ማገናኘት። ከ31ዱ 14ቱ የትም አይደርሱም። ተከራዩ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ ገመዱ ግን ማገዶ ሆኖ ቀርቷል። እነርሱ ሲነሡ የቀሩት 17 ናቸው፤ በሊትር ሲሰላ 1.3። ለእነዚህ 17 መስመሮች በሦስተኛው ክፍል ምድብ ሲ ተፈትሾ ያለፈ ኬብል ታዘዘ። የፍተሻውን ሪፖርት ሳያመጣ ማንም እንዳይሸጥልን ተስማማን። አንድ ሻጭ ተቆጣ፣ ሁለተኛው ምን እንደሆነ ጠየቀ፣ ሦስተኛው ከአዲስ አበባ አስመጣ። ለምን ሃሎጅን (ክሎሪንና ዘመዶቹ) የሌለውን፣ አሲድ የማያወጣውን አልገዛችሁም ለምትሉኝ፣ በእኔ ፍላጎት ቢሆን ልጆች የሚወጡበት ደረጃ ጎን ያለው ሁሉ እርሱ ይሆን ነበር። ዋጋው ከሐጂ አቅም አለፈ። በመጨረሻ ሦስተኛ ፎቅ ለሚደርሱት አራት መስመሮች ብቻ ተገዛ።

ምጣዶቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባለ 4 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ መስመርና የራሳቸው ባለ 25 አምፔር ብሬከር አላቸው። መገናኛዎቹ በሞርሴቶ (በብሎን በሚጠብቅ የሽቦ መያዣ) ታስረው ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ ገብተዋል። ሥራውን ያሠራሁት ብሬከሩን ቀይሮ የነበረውን ያንኑ ልጅ ነው፤ የ14 ዋቱን ስሌት በእጁ እንዲሠራው አድርጌ።

የቀረው ቀዳዳው ነው። ከሁሉ በላይ የተከራከርንበትም እርሱ ነው፤ ግንበኛው «ለነገ ገመድ መጨመሪያ ይቅር» ይል ነበርና። በ1975 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አላባማ፣ ብራውንስ ፌሪ በተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ሠራተኞች ገመዶች ግድግዳ በሚያልፉበት ቀዳዳ አየር ማምለጥ አለማምለጡን ሻማ ይዘው ሲፈትሹ መድፈኛው ስፖንጅ ተያያዘ፤ ከ1,600 በላይ ገመዶች ተጎዱ። ነገሩን ያመጣው ቀዳዳው የተደፈነበት ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ጨርቅም፣ ስፖንጅም፣ ፌስታልም አይሆንም አልን። ወርክሾፓችን ተመልሰን የሁለት ሜትሩን ላሜራ ዳክት መካከሉ ላይ 10 ሴንቲሜትር በሚሆን የሲሚንቶ ሞርታር ደፍነን፣ እነዚያኑ አሥር ነጭ ኬብሎች ደግመን አነደድን። ከታች ያለው ሁሉ ከሰለ። ከሞርታሩ በላይ የነበረው ልባስ ለስላሳ ሆኖ ትንሽ ቢጫ ከማለቱ በቀር አልነደደም። የቪዲዮ ምስሉን ለግንበኛው በስልኬ አሳየሁት፤ ዝም ብሎ ሲሚንቶውን ማቡካት ጀመረ። ሦስቱም ወለሎች ተደፈኑ። ለወደፊት ገመድ በየወለሉ ሁለት የብረት ቱቦ ቀብረን አፋቸውን በሞርታር ዘጋን፤ የሚፈልግ ሰው እርሱን ብቻ ሰብሮ እንዲያስገባና መልሶ እንዲዘጋ።

የተረፈውን የነጩን ጥቅል ሐጂ ይጣል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይጣልም፤ በልስን ውስጥ ለብቻው ለሚሄድ መስመር ደህና ገመድ ነው፣ የሚችለውንም አሳይቶናል። ግራጫውን ግን ማንም አንሥቶ እንዳይዘረጋው በየክንዱ ቆራርጬ ወስጄዋለሁ፤ ለማስተማሪያ።

በሰኔ ለሌላ ጉዳይ ደሴ ወጥቼ ጎራ አልኩ። «አብሽር፣ ሁሉም ደህና ነው» አሉኝ ሐጂ በር ላይ። አንደኛ ፎቅ ላይ የዳክቱን በር ስከፍት ግን አዲስ የገባ ተከራይ ኢንተርኔት ሲያስገባ ሞርታሩን በመሰርሰሪያ በስቶታል። ቀጭን ሰማያዊ ገመድ ያልፍበታል፤ በጎኑ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀርቷል፤ ከሥር የእንጀራ ቤቱ ሙቀት እጄ ላይ ይሰማኛል። ሐጂ ጎንበስ ብለው እጃቸውን አስጠጉና ቀና አሉ። ልጁን ጠርተው ግንበኛውን እንዲያመጣ ላኩት፤ እስኪመጣ ድረስ ሁለታችንም በዳክቱ በር ላይ ቆመን ጠበቅነው።